ጅማ ላይ የትምህርት ሪሰርች ለምትሰሩ፦ ርዕሱን አጥብቡት

ርዕስ ምረጡ የተባሉ ተማሪዎች ሰሞኑን ደጋግመው ስለጠየቁኝ ለሁሉም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። "በጅማ ዞን የትምህርት ጥራት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች" የሚል ርዕስ እባካችሁ ይቅርባችሁ፣ ዞኑ እኮ ማና አለ ዴዶ አለ ጎማ አለ ሰቃ ጨቆርሳ አለ፣ ጥራት ስትሉስ መምህሩን ነው መጽሐፉን ነው ወይስ የተማሪውን ውጤት? ይልቅ "አጋሮ አካባቢ የ7ኛ ክፍል ልጆች በቡና ለቀማ ሰሞን ለምን ከትምህርት ይቀራሉ" ብትሉ ሄዳችሁ የምታዩት ነገር አላችሁ። ስም መጥሪያው ራሱ ዳታ ነው፣ የህዳርን ከየካቲት ጋር አስተያዩት። ግን ህዳር ላይ ብዙ ልጅ ስለቀረ ብቻ ምክንያቱ ቡና ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ልጁንም ወላጁንም መምህሩንም ጠይቁ።

ሳምፕል ሳይዝ (ስንት ሰው ይጠየቅ የሚለው) ላይ ሁሉም የያማኔን ፎርሙላ፣ ማለትም ከጠቅላላው ብዛት ተነስቶ የሳምፕሉን ቁጥር የሚያሰላውን፣ ቻፕተር ስሪ (የጥናቱ ዘዴ የሚጻፍበት ምዕራፍ) ላይ ይለጥፋል። 400 ተማሪ ካለ በ0.05 ስህተት 200 ይሰጣችኋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን 200ዎቹን በእጣ ካልመረጣችሁና ፊት ለፊት የተቀመጡትን ብቻ ከሰበሰባችሁ ቁጥሩ ምንም አያድናችሁም። ጥቂት መምህራንን በጥልቀት ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ከሆነ ደግሞ ፎርሙላው ጭራሽ አያስፈልጋችሁም።

ዋናው ነገር ግን ኩዌሽነሩ (የጽሁፍ መጠይቁ) ነው፣ እዚህ ላይ በጣም አዝናለሁ። ከሌላ ሰው ቴሲስ ላይ በእንግሊዝኛ የተቀዳ ጥያቄ ይዞ ገጠር ትምህርት ቤት መሄድ ምን ይባላል? ልጆቹ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን በደንብ በሚችል ሰው አስተርጉሙት፣ ከዛ ኦሪጅናሉን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው፣ ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ላይ ጥያቄያችሁ ችግር አለበት ማለት ነው። ቀጥሎ ሳምፕላችሁ ውስጥ በሌለ ትምህርት ቤት ሞክሩት፣ ልጆቹ "ይሄ ምን ማለት ነው?" የሚሉበትን ቦታ መዝግቡ። የመጠይቁ አስተማማኝነት መለኪያ የሆነው ክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ መጣ ብላችሁ አትዘናጉ፣ እሱ የሚነግራችሁ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መሄዳቸውን እንጂ ልጁ የገባው መሆኑን አይደለም።

የትብብር ደብዳቤ ቀድማችሁ ከዲፓርትመንት አውጡ፣ ወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት ሄዳችሁ አስፈርሙ፣ የፈተና ሳምንት ላይ ትምህርት ቤት አትሂዱ። ዳይሬክተሩ ስለፈቀደ ብቻ ልጁ ፈቅዷል ማለት አይደለም፣ ወላጅም ይጠየቅ፣ ልጁም እምቢ ማለት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

ዲፌንስ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሁለት ገጽ በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት ሲል የኖረ ግቢ ነው፣ ጊዜያቸውን የሰጧችሁ መምህራን ውጤቱን ሳያዩት ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ እንዲቀር አትፍቀዱ፣ ከቻላችሁም ራሳችሁ ሄዳችሁ አስረዷቸው።