23 ሲባዛ በ5

ከትናንት ጀምሮ ደብሮኛል። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለውም። ሰማዩ ዳምኗል፣ ነርሲንግ ሆም ሥራ አድሬ ገባሁ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ የትናንቱን ስኒ ማጠብ ጀመርኩ። ልጽፍ ያሰብኩት እንዲያውም ስለ ስኒዎቹ ነበር። ከአገር ቤት በካልሲ ጠቅልዬ ካመጣኋቸው ስድስቱ አራት ቀርተዋል፤ አምስተኛውን ማን እንደሰበረው ቲ ያውቃል። ግን ሦስተኛውን ሳለቀልቅ ከፈተናዬ፣ ከአሜሪካው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ከስቴፕ ቱ፣ የስድስተኛው ብሎክ (ክፍል) ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ጥያቄው ምን እንደነበር አልጽፍም፤ ላላወጣ ተስማምቼ ነው የተፈተንኩት። ብቻ መልሱ ቢ ነበር። መጀመሪያም ቢን ነበር የመረጥኩት። ሰዓቱ ሊያልቅ 40 ሴኮንድ ሲቀረው ተመልሼ ዲ አደረግኩት። ለምን? እኔ እንጃ። ቢ በጣም ቀለለብኝ፣ እኔ ደግሞ ነገር ሲቀለኝ እዚህ ውስጥ ወጥመድ አለ የምል ሰው ነኝ። እጄን ሳላደርቅ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ደረሰኝ ጀርባ ላይ አንድ ሰረዝ ጨመርኩ። 23 ሆነ።

አዎ፣ እየቆጠርኩ ነው። ከተፈተንኩ 19 ቀኔ ነው፣ ውጤት የሚለቁት አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ሰኞ ነው። ሰው ምን ይሥራ?

ስሌቱ እንዲህ ነው። እኔ ስፈተን ስቴፕ ቱ ላይ ስምንት ብሎክ ነበረ፣ ጥያቄው ቢበዛ 318 ነበር። ለማለፍ በግምት 60 በመቶውን መመለስ ይበቃል ይላሉ ራሳቸው አዘጋጆቹ። ስለዚህ 127 ያህል ብስትም አልፋለሁ። እስካሁን ያስታወስኩት ስህተት 23 ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያስጨንቃል?

የሚያስጨንቀው መሳሳቴን ያላወቅኩት ነው። አውቄው የሳትኩት ቆጠራ ውስጥ ገብቷል። በሙሉ ልቤ ጠቅ አድርጌ፣ ለራሴ "ጎበዝ" ብዬ ያለፍኩት ስህተትስ? እሱን በምን ልቁጠረው? እንግዲህ የማስታውሰውን በሆነ ነገር ማባዛት ነው። 23 በ5 ሲባዛ 115፣ አለፍኩ። በ6 ሲባዛ 138፣ ወደቅኩ። በ5 ይሁን በ6 የሚነግረኝ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ 5 ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተስማምቼ ኖሬያለሁ።

ደግሞ የማይቆጠሩ ጥያቄዎች አሉ። ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩ ናቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ይመጣሉ፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ከ23ቱ ስድስቱ ከነሱ ናቸው ብዬ ፈርጃለሁ። ማስረጃዬ? ስለሳትኳቸው።

በዚያ ላይ ፈተናው ለሁሉም አንድ አይደለም። የአንዱ ይከብዳል፣ የሌላው ይቀላል፤ ከባዱ የደረሰው ሰው ጥቂት መልሶም እኩል ነጥብ እንዲያገኝ ያስተካክሉታል። ይሄ ያጽናናኝ ነበር፣ አንድ ሌሊት ሥራ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ተበላሸብኝ። ፈተናው ነው የከበደው ወይስ እኔን ነው የከበደኝ?

ማለፊያ ነጥቡም አይቆምልኝም (ነጥቡ የመለስኩት ጥያቄ ብዛት አይደለም)። ገና አገር ቤት ሆኜ ማንበብ ስጀምር 209 ነበር። በ2022 214 አደረጉት፣ ይለቁኛል ስል በ2025 ሐምሌ 218 ገባ። (በፈረንጆቹ ነው።) እኔ በቀን ሁለት ገጽ ወደፊት፣ እሱ አራት ነጥብ ወደፊት። የመጀመሪያው ፈተና፣ ስቴፕ ዋን፣ ይሻል ነበር፤ ከ2022 ወዲህ ቁጥር አይሰጥም፣ ወይ አለፍሽ ወይ ወደቅሽ ነው። የዚያ ውጤት የመጣ ቀን ግን "ስንት እንዳመጣሁ እንኳን ሳላውቅ!" ብዬ ያኮረፍኩት እኔው ነኝ።

እማዬ ትናንት ደወለች።
"ስንት ከስንት አገኘሽ?"
"አልመጣም እኮ እማዬ። ሲመጣም ቁጥሩ እስከ 300 ነው፣ ግን ከ300 ማለት አይደለም።"
"ታዲያ ከስንት ነው?"
"ከ... ከምንም።"
ዝም አለች። የአንደኛ ደረጃ ካርዴን እስከ ዛሬ በፌስታል ያስቀመጠች ሴት ናት፣ አማካይ ከነደረጃው። "ከምንም የሚታረም ፈተና አይቼ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። እኔ ለገብርኤል ጃንጥላ ተስያለሁ፣ እሱ ያውቅበታል" ብላ ዘጋችው።

ቴሌግራም ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ከእማዬ ይብሳሉ። የፈተና መመዝገቢያው ድረ ገጽ ለድጋሚ ፈተና ልመዝግብሽ ካለሽ ወድቀሻል፣ እምቢ ካለሽ አልፈሻል ይላሉ። ሞኝነት ነው። ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ገጹ ሳይከፈት ቀረና ራውተሬን አጥፍቼ እስካበራው ድረስ አለፍኩ ብዬ ተደሰትኩ።

ያኔ ነው እኚያ ሰውዬ ትዝ ያሉኝ።

አገር ቤት ስሠራ ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጡ ነበር። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል ያቆሙታል፣ አገጫቸውን በላዩ ያደርጋሉ። የልጃቸው ናሙና አዲስ አበባ ሄዶ ውጤቱ እየተጠበቀ ነው። በየቀኑ ሳልፍ ቀና ብለው ያዩኛል። "አባባ፣ ሲመጣ እነግርዎታለሁ" እላለሁ። "እሺ ልጄ" ይላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ፈገግ ብዬ "እንዴት አደሩ አባባ" አልኳቸው። ብድግ አሉ።
"ደህና ነው ማለት ነው?"
"ምኑ?"
"ውጤቱ ነዋ። ዛሬ ቀድመሽ ሰላም አልሽኝ፣ ስቀሽም ነበር።"

ደሞዝ ገብቶልኝ ነበር የሳቅኩት። ውጤቱን አላየሁትም።

በሌላ ቀን ደግሞ ሳላያቸው ቶሎ ቶሎ አለፍኩ። ማታ ላይ ሲስተሯ "አባትየው ዛሬ እህል አልቀመሱም፣ ዶክተሯ ፊቷን አዞረችብኝ ይላሉ" አለችኝ። ሽንት ቤት እየሮጥኩ ነበር እኮ! ያኔ በጣም አስቆኛል። ለቲም ነግሬው አብረን ስቀናል። አሁን እኔ የራውተር መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ምልክት ነው የምለው ሰውዬ ሆኛለሁ፣ የቀረኝ ጋቢው ነው።

ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደ እሾህ የወጋኝ ይሄ አይደለም። የልጅቷ ውጤት ምን ነበር? ቆሜ አሰብኩ። የሰውየውን ዱላ አስታውሳለሁ፣ ጫፉ ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ ተመትቶበት ነበር። የልጅቷ አልጋ ከበሩ ሁለተኛው እንደነበር አስታውሳለሁ። ውጤቱን ግን ጭራሽ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው? ወይስ ከመምጣቱ በፊት ወደ ሌላ ዋርድ ተዛወርኩ? የስድስተኛው ብሎክ ጥያቄ ከነምርጫዎቹ ቃል በቃል አእምሮዬ ውስጥ አለ፣ እሳቸው ያን ሁሉ ቀን የጠበቁት አንድ ቃል የለም።

ቲን ልጠይቀው ስልክ አነሳሁ። ሥራ ላይ ነው፣ አላነሳም። ደግሞ እሱ በምን ያውቃል፣ የነገርኩት የሚያስቀውን ብቻ ነው።

ስኒዎቹ ሳሙና እንደያዙ አሉ። ልመለስባቸው ስል ደግሞ የሁለተኛው ብሎክ ትዝ አለኝ፣ ያ ስለ ኩላሊት የነበረው... ተውኩት፣ ፈርሜያለሁ። 24። በ5 ሲባዛ 120፣ አሁንም አልፋለሁ። 25 ቢሆን 125፣ እሱም ያሳልፋል። 26 ላይ ነው ጉዱ። ስለዚህ እስከ ረቡዕ እንዳስታውስ የተፈቀደልኝ አንድ ስህተት ብቻ ነው።