የአባዬ የልክ ደብተር

አባዬ ካረፈ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። 88 ዓመት ኖረ። "ዕድሜ ጠግቦ ነው የሄደው" ይሉኛል ሰዎች። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አልጠገብኩትም።

ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የተወለደበት ዓመት፣ ልብስ ስፌት የጀመረበት፣ እማዬን ያገባበት፣ 5 ልጆች፣ 11 የልጅ ልጆች። አንድ ገጽ እንኳን አልሞላም። ደጋግሜ አነበብኩት። ምንም ስህተት የለውም። ግን የማንም ሰው ሊሆን ይችላል።

ያለፈው ቅዳሜ የሥራ ጠረጴዛውን መሳቢያ ስናጸዳ ከመቀሶቹ ሥር አንድ ወፍራም ደብተር ወጣ። በላስቲክ ታስሯል። ሽፋኑን በካፖርት ጨርቅ ለብጦታል። የደንበኞች መስሎን ወደ ጎን ልናደርገው ነበር፤ ታናሽ እህቴ ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእማዬ ስም አለ። ትከሻ 38፣ ወገብ 64። ከሥሩ የተጋቡበት ዓመት።

የደንበኞቹ ደብተር ሌላ ነው። ይሄኛው የኛ ነበር።

ሁላችንም የየራሳችን ገጽ አለን። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ያሰልፈንና ይለካናል፤ ይህንን በደንብ አስታውሳለሁ። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም ነበር። 150 ሳንቲ ሜትር፣ በጀርባው ደግሞ ኢንች። ቁጥር የቆጠርኩት በዚያ ሜትር ነው። "ትንፋሽሽን አትያዢ፣ እንደ ወትሮሽ ቁሚ" ይለኝ ነበር። እኛ ቶሎ ለቆን ወደ ጨዋታችን ለመሮጥ እንቁነጠነጣለን። እሱ ለካ ይጽፍ ኖሯል።

የኔ ገጽ የሚጀምረው 5 ዓመቴ ላይ ነው። እጅጌ 36። ከዚያ 39፣ ከዚያ 42። እየወረድኩ ሳነብ 13 ዓመቴ ላይ ደረስኩ። ከቁጥሮቹ አጠገብ በእርሳስ፣ በዚያ በደቃቅ ጽሑፉ፣ እንዲህ ይላል፦ "ግራ ትከሻ በ1 ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል። አይነገራት።"

ደብተሩን ለእህቴ ሰጥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

አላውቅም ነበር። ይኼን ሁሉ ዓመት አላውቅም ነበር። ሥራ ልጀምር ስል ተሰፍቶ ያለቀ ኮት ገዝቼ ነበር። ስለብሰው በአንድ በኩል ይንሻፈፋል። ኮቱን ረገምኩት። አባዬ አየት አደረገኝና "እስቲ አምጪው፣ ገበሩን ላስተካክልልሽ" አለኝ። በማግስቱ ስለብሰው ልክክ አለ። ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩትም።

ከደብተሩ በኋላ ያንን ኮት ፈልጌ አወጣሁት። የግራውን ትከሻ ገበር ቀስ ብዬ ተረተርኩት። ከስፖንጁ ሥር ስስ ጨርቅ አራት ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። በእጅ ነው የሰፋው። ስፌቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነው ያገኘሁት። ገበሩን መልሼ ሰፋሁት፤ የኔ ስፌት ግን ከሩቅ ያስታውቃል።

አባዬ ሙያውን ይወድ ነበር። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር የስፌት መኪና ነበረው። አይዛክ ሲንጀር ለስፌት መኪናው ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያገኘው በፈረንጆቹ 1851 ነው። አባዬ ይህችን ዓመት እንደ ቤተሰብ ልደት ነበር የሚያውቃት። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አጠገቡ አስቀምጦ ሁለት መርፌዎች አሳየኝ። የእጅ መርፌ ቀዳዳዋ ከኋላ ነው፤ የመኪና መርፌ ግን ከፊት፣ ከሹሉ ጫፍ አጠገብ። ለዚህ ነው ክሯን ይዛ ወደ ታች ወርዳ፣ የታችኛውን ክር አስይዛ የምትመለሰው። "አየሽ፣ ሁለት ክር ነው። የላይኛው ብቻውን አይሰፋም" አለኝ። ከዚያ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ረገጠው፣ እንዳየው ብሎ።

ለኛ ሲሰፋ ከታች ሰፋ ያለ እጥፍ ያስቀራል። ቁመት ስንጨምር እጥፉን ፈትቶ ያስረዝመዋል። የቀሚሴ ጫፍ ላይ ያለፈው ዓመት መስመር ይታይ ነበር። ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ በቦርሳዬ እሸፍነው ነበር። ዛሬ ያ ቀሚስ ቢኖረኝ ምን ነበረበት?

ከሁሉም የሚረዝመው ግን የእማዬ ገጽ ነው። 57 ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ከሱ አራት ዓመት ቀድማ ነው ያረፈችው። ወገቧ ከ64 ተነስቶ እኛን እየወለደች 82 ድረስ ይወጣል። እዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። የታመመች ጊዜ መውረድ ይጀምራል። 78፣ 74፣ 69፣ 66። ቀኖቹ በጣም የተቀራረቡ ናቸው፤ አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ልዩነት ነው የተጻፈው። እህቴ ይህንን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። እማዬ ያኔ የምትለን ትዝ አላት። "አልከሳሁም፤ ይኸው ቀሚሶቼ ሁሉ ልኬ ናቸው" ትለን ነበር።

እሷ ስትተኛ ማታ ማታ ቀሚሶቿን እያጠበበ ይሰፋላት ነበር ማለት ነው። ያንን ሰሞን ሌሊት የመኪናውን ድምፅ እሰማ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ብሎት የሚሠራ ነበር የሚመስለኝ። እሷ ታውቅ ነበር? እህቴ ታውቅ ነበር ትላለች። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

የሱን ልክ በየገጹ ፈለግነው። የለም። የሁላችንንም ሲለካ ኖሮ እሱን የለካው ሰው የለም። ታላቅ ወንድሜ ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ ሦስት ጊዜ ገለበጠው። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሄዶ የአባዬን ጥቁር ኮት ከቁም ሳጥኑ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ሜትሩን እኔ ያዝኩ፣ እህቴ ጻፈች። ትከሻ 44። እጅጌ 61።

እጄ የግራው ትከሻ ላይ ሲደርስ ቆምኩ። በጣቴ ደጋግሜ ዳሰስኩት። ከስፖንጁ ሥር አራት ላይ የታጠፈ ስስ ጨርቅ አለ።

"ጻፊ" አልኳት እህቴን። "ግራ ትከሻ በ1 ሳ.ሜ. ዝቅ ይላል።"