ባዶ ስፔክትረም ላይ ቁጥር አትጻፉ

የጋማ ጨረር ምንጮችን በኦፕቲካል ቴሌስኮፕ የመለየት ሥራ ልትጀምሩ ከሆነ መመሪያ አታጡም። ስለ ስሊቱ፣ ስለ ካሊብሬሽኑ፣ ስለ ሶፍትዌሩ የተጻፈው ሞልቶ ተርፏል። ምንም መስመር የሌለው ስፔክትረም ይዛችሁ ስትመለሱ ማን ምን እንደሚላችሁ ግን የጻፈ የለም። (ስፔክትረም ማለት በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረ ብርሃን ነው፤ መስመር ደግሞ አንድ ንጥረ ነገር ብርሃን የሚጨምርበት፣ ማለትም የልቀት መስመር፣ ወይም የሚውጥበት ቦታ ነው።) እኔንም ቀደም ብሎ ያስጠነቀቀኝ ቢኖር ከስንት ወር ንትርክ በዳንኩ ነበር።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፌርሚ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ2008 ወደ ሕዋ ከወጣ ጀምሮ ሰማዩን በጋማ ጨረር ይቃኛል። በስምንት ዓመት መረጃ የተሠራው አራተኛው ካታሎጉ 5064 ምንጮችን መዝግቧል። ከ3130 በላይ የሚሆኑት ብሌዛሮች ናቸው። ብሌዛር ማለት መሀሉ ላይ ያለው ግዙፍ ብላክ ሆል የሚተፋው ጄት ወደ እኛ የዞረ ጋላክሲ ነው። 1336 ምንጮች ግን ካታሎጉ ሲወጣ ከምንም ጋር አልተዛመዱም። «ብሌዛር ይመስላል» ተብለው ዓይነታቸው ሳይለይ የቀሩም ብዙ ናቸው።

ችግሩ ጋማ ጨረር ቦታውን በትክክል አይነግረንም። ምንጩ ደከም ያለ ከሆነ «እዚህ አካባቢ ነው» የሚባልለት ክብ በርካታ የቅስት ደቂቃዎች (አንዷ የዲግሪ 1/60 ናት) ይሰፋል። እዚያ ውስጥ ኮከቡም ጋላክሲውም ተደባልቆ ተቀምጧል። የቱ እንደሆነ የሚለየው በስፔክትረም ነው።

ዕጩ መምረጡ ብዙ አያስቸግርም። ክቡ ውስጥ የሬዲዮ ምንጭ ትፈልጋላችሁ። ስዊፍት የተባለውን ሳተላይት የኤክስሬይ ምስል ታያላችሁ። በዋይዝ ሳተላይት የተለካው የኢንፍራሬድ ቀለም የብሌዛሮች መሆኑን ታረጋግጣላችሁ። ሦስቱ አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ በቃ፣ ዕጩው እሱ ነው።

እኔ የሠራሁት ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ላይ፣ በ1.9 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ነው። አሮጌ ነው፤ ቀድሞ ፕሪቶሪያ ነበር፣ ወደ ተራራው የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ስፕአፕኒክ የሚባለው ስፔክትሮግራፉ ግን ከ2015 ወዲህ የታደሰ ነው። ስለ ብርዱ አላወራም፤ ጋቢ ያዙ። ሰፊ የሞገድ ርዝመት የሚሸፍነውን ግሬቲንግ (ብርሃኑን በቀለም የሚበትነውን) ምረጡ። የአርክ ላምፕ ካሊብሬሽን (መስመሮቹ በታወቁ መብራት የሞገድ ርዝመቱን ማስተካከያ) ከእያንዳንዱ ምንጭ በፊትም በኋላም አንሱ። «በማታ አንዴ ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። አይበቃም። ቴሌስኮፑ ሲዞር ስፔክትሮግራፉ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ መስመሮቹም ይንሸራተታሉ።

አንዳንዱ ምንጭ ምስጋና ይግባውና በደቂቃ ያልቃል። አንደኛው ላይ 5320 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) አካባቢ ሰፊ መስመር ወጣ፣ 3627 ላይ ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው ማግኒዚየም ነው፣ ቤቱ፣ ማለትም ሳይንሸራተት የሚገኝበት ቦታ፣ 2800። ሁለተኛው ካርቦን ነው፣ ቤቱ 1909። ሁለቱም አንድ ሬድሺፍት (መስመሮቹ ከቤታቸው ወደ ቀዩ የተንሸራተቱበት መጠን፤ ርቀቱን የምናውቀው በሱ ነው) ይሰጣሉ፦ 0.9። ኳሳር (ሰፊ መስመሮች የሚያሳይ የጋላክሲ ብሩህ መሀል) ነው ብለን ጽፈን ወደሚቀጥለው አለፍን።

የሚቀጥለው ነው ጉዱ።

ብሩህ ነበር። ኖይዙ (የዘፈቀደ መንቀጥቀጡ) ትንሽ፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ ሰማያዊው ጫፍ እየጨመረ የሚሄድ ስፔክትረም። መስመር ግን የለም። ይህ የቢኤል ላክ ዓይነት ብሌዛር ጠባይ ነው። የጄቱ ብርሃን ስለሚያይል የጋላክሲውን መስመሮች ይሸፍናቸዋል። በተለምዶ የልቀት መስመሩ ኢኩቫለንት ዊድዝ (የመስመሩ ጉልበት መለኪያ) ከ5 አንግስትሮም በታች ከሆነ ቢኤል ላክ እንላለን። ስም ያወጣላቸው ቢኤል ላሰርታ ራሱ በ1929 ተለዋዋጭ ኮከብ ነው ተብሎ የተመዘገበ ነው። ጋላክሲ ውስጥ መሆኑ የተረጋገጠው በ1974፣ ኦክ እና ገን የተባሉ ተመራማሪዎች ደማቁን መሀል ሸፍነው በዙሪያው ያለውን ብርሃን ብቻ ሲለኩ ነው።

ስፔክትረሙን ለቡድኑ ላክሁት። በማግስቱ ከትልቁ ተመራማሪ ኢሜይል መጣ። የሀገራችን ሰው ናቸው፣ ውጭ ከተቀመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ስማቸውን አልጠራም። «ልጄ፣ 6870 ላይ ያለችውን ጉድጓድ አላየሻትም እንዴ? ማግኒዚየም ናት። 0.33። እንኳን ደስ ያለሽ!»

አይቻታለሁ እንጂ። (እሳቸው የሚሉት ቤቱ 5175 የሆነውን ሌላውን የማግኒዚየም መስመር ነው።) 6870 ላይ ያለችው የኛው አየር ናት። የምንተነፍሰው ኦክስጅን 6867 አካባቢ ብርሃን ይውጣል። ከየትም ጋላክሲ የመጣ ብርሃን ቢሆን በዚህ አየር ውስጥ ሳያልፍ መሬት አይደርስም። ቅርጹም ያስታውቃል። በሰማያዊው በኩል እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በቀዩ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። የጋላክሲ ማግኒዚየም እንዲህ አያደርግም።

እሳቸውን ያሳሳታቸው ነገር ግን ነበረ። የቡድኑ ፕሮግራም ከ7500 በላይ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ምክንያቱ ያው የካሜራው ፍሪንጅ ነው፤ ቀዩ ጫፍ ላይ ሞገድ ሞገድ ይሠራል፣ ምስሉን ያበላሻል። መመሪያውም «ቁረጡ» ነው የሚለው። እኔ ግን አትቁረጡ እላለሁ! የኦክስጅን ትልቁ ባንድ 7600 ላይ ነው። እሱ ከተቆረጠ ትንሹ፣ የ6870ው፣ ብቻውን ይቀርና ዘመድ የሌለው እውነተኛ መስመር ይመስላል። ቀዩ ጫፍ አስቀያሚ ይሁን፣ ይቅር፤ ግራፉ ላይ ግን ይኑር።

ሒሳቡን ሠርቼ ላክሁላቸው። 6870 ማግኒዚየም ከሆነ የካልሲየም ሁለት መስመሮች 5222 እና 5268 ላይ መታየት አለባቸው። በሞላላ ጋላክሲዎች ላይ ካልሲየም ጎልቶ የሚታይ ነው። 5715 ላይ ደግሞ የጂ ባንድ የሚባለው ሌላ የጋላክሲ መስመር። ሦስቱም ቦታ ላይ ምንም የለም። «5222 ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ይታየኛል» አሉ። ኖይዝ ነው። ኖይዝ ላይ የፈለጉትን ካዩበት ሁሉም ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ።

በዚያው ማታ ያነሳነውን የስታንዳርድ ኮከብ (ብርሃኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ለማስተካከያ የሚነሳ ኮከብ) ስፔክትረም ከጎኑ አድርጌ ላክሁ። ነጭ ድንክ ኮከብ ነው፣ እዚሁ ሰፈራችን ያለ፣ ሬድሺፍት የሚባል ነገር የማያውቀው። እሱም ላይ 6870 ላይ ያችው ጉድጓድ፣ ያው ቅርጽ። ጉዳዩ አበቃ ብዬ ተኛሁ።

አላበቃም። «ከአየሩ ሥር ማግኒዚየሙ ተደብቆ ሊኖር ይችላል» የሚል መልስ መጣ። ለዚህ ምን ይባላል? የማይታይ መስመር የለም ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው የኢሜይል ልውውጥ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነበር። በመሀል እውነተኛው ምክንያት ወጣ። የአንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ የማመልከቻ ቀን እየደረሰ ነበር። «ቁጥር የሌለው ፕሮፖዛል አያልፍም፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉኝ። ታላቅን መከራከር ለኛ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። «ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያልኩ ነው እያንዳንዱን «አይሆንም» የጻፍኩት። በመጨረሻ 0.33 ከፕሮፖዛሉ ተሰረዘች። የሳቸውም ስም ከፕሮፖዛሉ ወጣ፤ በራሳቸው ፈቃድ።

ፕሮፖዛሉ ወደቀ። የገምጋሚዎቹ አስተያየት «ቀደም ያለው ምልከታ ውጤት አላስገኘም» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ቆሽቴን ያሳርረኛል። ውጤት አላስገኘም? ምንጩ ምን እንደሆነ ለየነው እኮ! ኮከብ ቢሆን ኖሮ የኮከብ መስመሮች ሬድሺፍት ዜሮ ላይ ቁጭ ብለው ይታዩ ነበር። (መስመር የማይታይባቸው ነጭ ድንኮች አሉ፣ እውነት ነው። እነሱ ግን በሬዲዮ እንዲህ አያበሩም። የሬዲዮውን ምንጭ መጀመሪያ የፈለግነው ለዚህም ጭምር ነው።) ባዶው ስፔክትረም ራሱ «ቢኤል ላክ ነኝ» ይላል። የጎደለው ርቀቱ ብቻ ነው።

«አንዲት ቁጥር ብትገባ ምን ነበረበት?» ያሉኝ ጓደኞች አሉ። ፒጂ 1553+113ን ይጠይቁ። ለዚህ ብሌዛር በ1980ዎቹ 0.36 የሚል ሬድሺፍት ተሰጠው። በ1990 ስህተት መሆኑ ታየ። መስመሩ በተሳሳተ መንገድ የተለየ ነበር። ቁጥሩ ግን አልሞትም አለ፤ ለዓመታት ሰው እየቀዳ ይጽፈው ነበር። በ2010 በሐብል የተሠራው ምልከታ ከ0.395 በላይ መሆኑን አሳየ። ይህ የትርፍ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከፍተኛ ኃይል ያለው ጋማ ጨረር በመንገዱ ከጋላክሲዎች የተጠራቀመ ብርሃን ጋር እየተጋጨ ይጠፋል። ስንት እንደጠፋ የምናሰላው በርቀቱ ነው። ርቀቱ የውሸት ከሆነ ስሌቱም የውሸት ነው፣ በሱ ላይ የተመሠረተውም ሁሉ።

እኛ የጻፍነው ቢኤል ላክ መሆኑን፣ ሬድሺፍቱ ያልታወቀ መሆኑንና አንድ ዝቅተኛ ወሰን ነው። ወሰኑ የሚገኘው እንዲህ ነው። የቢኤል ላክ ጄት የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ግዙፍ ሞላላ ጋላክሲ ውስጥ ነው፣ የነዚህ ብርሃን ደግሞ እርስ በርስ ብዙም አይራራቅም። እንዲህ ዓይነት ጋላክሲ ቅርብ ቢሆን ኖሮ መስመሮቹ በኛ ስፔክትረም ላይ ይታዩ ነበር። ስላልታዩ ከዚህ ርቀት ማዶ ነው ማለት ነው። ኢኩቫለንት ዊድዙን በቅጡ ለክታችሁ አስቀምጡ እንጂ «መስመር የለም» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እንዲሁ ካለፋችሁ ገምጋሚው እውነትም አለው።

አሁን የምሠራው ሌላ ነገር ነው። ብሌዛር ይለዋወጣል። ጄቱ ሲደክም ጋላክሲው ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ብርሃኑን በትናንሽ ቴሌስኮፖች እየተከታተልኩ ነው፤ ከተለመደው አንድ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) ያህል ሲወርድ በአስቸኳይ ስፔክትረም እንዲነሳልኝ አዲስ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የሬድሺፍት ሳጥኑ ላይ ሰረዝ አድርጌበታለሁ። ቀዩን ጫፍ አልቆረጥኩም፣ 6870 እና 7600 ላይ የአየር ምልክት አድርጌያለሁ፣ የስታንዳርድ ኮከቡንም ስፔክትረም እዚያው ግራፍ ላይ ከሥሩ አስቀምጫለሁ።