ብቅል፣ ቄጠማና ጽድ፦ የብትን ሻይ ጣዕሞችን በራሳችን አፍንጫ መሰየም

ከሦስት ዓመት በፊት ዱባይ የምትሠራው ታናሽ እኅቴ ለፋሲካ ስትመጣ አራት ጣሳ ብትን ሻይ ቅጠል አምጥታልኝ ነበር፤ በሕንድ አካባቢዎች ስም የሚጠሩት የአሳምና የዳርጂሊንግ ሻዮች፣ ከተቆላ ሩዝ ጋር የተቀላቀለ የጃፓን አረንጓዴ ሻይ እና ቤርጋሞት በተባለ የሎሚ ዘመድ ፍሬ ዘይት የተቀመመ ጥቁር ሻይ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሻይ ለእኔ አንድ ነገር ነበር፤ በበራድ ከቅመም ጋር ፈልቶ፣ በማጥለያ ተጠልሎ፣ ስኳር ተጨምሮበት በብርጭቆ የሚቀርብ ትኩስ መጠጥ። ጣሳዎቹ ላይ የተጻፈውን የጣዕም መግለጫ ደጋግሜ ባነብም ብዙ አልረዳኝም፤ በልቼ የማላውቃቸውን ፍሬዎችና አሽትቼ የማላውቃቸውን አበቦች የሚጠቅስ ነበርና። ነገሩ የተፈታልኝ የአሳሙን ሻይ አዘጋጅቼ አፍንጫዬን ወደ ብርጭቆው ሳስጠጋ ነው። የሸተተኝ እናቴ ለጠላ አብቅላ ፀሐይ ላይ ያሰጣችው ብቅል ነበር፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃልም ለካ ብቅል ማለት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የምቀምሰውን ሻይ ሁሉ በጓዳችንና በደጃችን በማውቀው ሽታ እየሰየምሁ በማስታወሻ መያዝ ጀመርሁ።

ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም፣ ነጩም፣ ኡሎንግ የሚባለውም ሻይ የሚለቀሙት ከአንድ ተክል ነው። የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ካሜሊያ ሲነንሲስ ሲሆን ሁለት ዋና ዘሮች አሉት፤ አንዱ ቅጠሉ አነስ ያለውና ብርድ የሚችለው የቻይናው ዘር፣ ሌላው ቅጠሉ ሰፋ ያለውና ሙቀትና ዝናብ የሚወደው የአሳሙ ዘር። ከዚህ በኋላ ያለውን ልዩነት በአብዛኛው የሚወስነው ከለቀማ በኋላ በቅጠሉ ላይ የሚደረገው ነው። የተላጠ ድንች ሲቀመጥ እንደሚጠቁር ሁሉ የሻይ ቅጠልም ጠውልጎ ሲታሽ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአየር ጋር እየተገናኘ ይጠቁራል። አረንጓዴ ሻይ ለማግኘት ቅጠሉ ከመጥቆሩ በፊት በሙቀት ይመታል፤ ቻይናውያን በጋለ ብረት ድስት ያምሱታል፣ ጃፓናውያን ደግሞ በእንፋሎት ይመቱታል። ጥቁር ሻይ ሲፈለግ እስኪጠቁር ይጠበቃል፤ ኡሎንግ መካከል ላይ እንዲቆም ይደረጋል፤ ነጩ ሻይ ሳይታሽ ቀስ ብሎ ጠውልጎ ይደርቃል።

በካፋ ቦንጋ አጠገብ ከሚገኘው ከውሽውሽ እና በኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ከሚገኘው ከጉማሮ የሚመጣውን ሻይ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው በደቃቅ ጥራጥሬ መልኩ ነው። እንዲህ ያለው ጥራጥሬ የሚወጣው በጥርሳም ሮለሮች መካከል ቅጠሉን እየጨፈለቀ፣ እየቀደደና እየጠቀለለ ከሚያሳልፍ መሣሪያ ሲሆን፣ ሲቲሲ የተባለው ይህ አሠራር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሳም የተጀመረ ነው። ደቃቁ ሻይ በአንድ ጊዜ ቀለሙን ይለቃል፣ ይወፍራል፣ ስኳርንና ቅመምን ይሸከማል፤ ለቅመም ሻይ ሌላ ዓይነት አልመርጥም። ሙሉው ብትን ቅጠል ግን ውኃ ሲነካው ቀስ እያለ ይፈታል፣ የመጀመሪያው ፉትና የመጨረሻው ፉትም የተለያየ ጣዕም ይኖራቸዋል። ስለዚህ ብትን ቅጠልን የምትቀምሱ ሰዎች ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጉንጮች ያለ ስኳር እንድትጠጡ እለምናችኋለሁ።

የአሳም ሻይ የሚበቅለው በብራህማፑትራ ወንዝ ዝቅተኛ ሸለቆ፣ ሙቀትና ከባድ ዝናብ ባለበት ምድር ነው። በግንቦትና በሰኔ አካባቢ የሚለቀመው ሁለተኛው ምርት ወርቃማ የቡቃያ ጫፎች ይታዩበታል፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፣ ብቅልነቱም የሚጎላው በዚህ ጊዜ ነው። ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ወተት አያሸንፈውም። ጠዋት ከዳቦ ጋር የምጠጣው እሱን ነው።

ዳርጂሊንግ ሌላ ዓለም ነው። በሂማላያ ተራሮች ወገብ፣ እስከ 2,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ በአብዛኛው ከትንንሹ የቻይና ቅጠል ይመረታል፤ በስሙ እንዲሸጡ የተፈቀደላቸው እርሻዎች 87 ናቸው፣ ስያሜውም በሕንድ በመልክዓ ምድራዊ መለያነት የተመዘገበው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ከብርዱ ወራት እንቅልፍ በኋላ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚለቀመው የመጀመሪያው ቡቃያ ጥቁር ሻይ ተብሎ ይሸጥ እንጂ ውኃው ፈዛዛ ወርቃማ ነው። ለእናቴ ስሙን ሳልነግራት በስኒ አቅርቤላት ነበር። ሁለት ጊዜ አሽትታ፣ “ይኼማ የበዓል ዋዜማ ቄጠማ ነው፤ ገና ከገበያ እንደመጣ፣ ሳይጎዘጎዝ” አለችኝ። ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አላገኘሁም፤ እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ በመጨረሻም ምላስን በቀስታ የሚይዝ ነው።

የዳርጂሊንግ ሁለተኛ ምርት ታሪክ ደግሞ እጅግ ይማርከኛል። በግንቦትና በሰኔ ትንንሽ አረንጓዴ ፌንጣ መሰል ነፍሳት ቅጠሉን እየወጉ ጭማቂውን ይመጥጣሉ፤ ተክሉም ራሱን ለመከላከል መዓዛ ያላቸውን ኬሚካሎች ያመነጫል። በሌላ ሰብል ላይ ቢሆን ገበሬውን የሚያሳዝነው ጉዳት እዚህ ላይ ዋጋ ይጨምራል። ነጋዴዎቹ ሙስካት በሚባለው የወይን ዓይነት ስም የሚጠሩት ይህ መዓዛ ለእኔ አፍንጫ የበሰለ የኮክ ልጣጭ ከዘቢብ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሽታ ነው። በታይዋን የምሥራቋ ውበት የተባለው ኡሎንግም ማር ማር የሚለው በተመሳሳይ ነፍሳት ምክንያት ነው።

ስለ ውኃ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ጣሳዎቹ ላይ የሚጻፈው መመሪያ ለእኛ ከፍታ የተዘጋጀ አይደለምና። ለጥቁር ሻይ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ተጠቀሙ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውኃችን ገና በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በተከፈተ ድስት ምንም ያህል ቢንተከተክ አይሞቅም። መጀመሪያ የአሳሙን ሻይ በተጻፈው መሠረት ሦስት ደቂቃ ብቻ ዘፍዝፌ ቀጭን ሆኖብኝ ቅጠሉ አርጅቷል ብዬ አዝኜ ነበር። አሁን በራዱን አስቀድሜ በፈላ ውኃ አሞቃለሁ፣ ቅጠሉን ጨምሬ ክዳኑን እገጥማለሁ፣ አምስት ደቂቃም እጠብቃለሁ። እናቶቻችን ሻይን ከመዘፍዘፍ ይልቅ እሳት ላይ ማፍላታቸው ለዚህ ከፍታ የሚስማማ ዘዴ ነው ብዬ አምናለሁ። የሙያው ቀማሾች የሚከተሉት ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ዓለም አቀፍ መስፈርት በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ 2 ግራም ቅጠል ለስድስት ደቂቃ ይላል፤ ይህ የሻዩን ጉድለት ለማጋለጥ የታሰበ ስለሆነ ለመጠጥ ይከብዳል፣ ሁለት ሻዮችን ጎን ለጎን ለማወዳደር ግን ከእሱ የተሻለ የለም።

ለአረንጓዴ ሻይ የውኃው ነገር ይገለበጣል። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በፈላ ውኃ የተነከረ አረንጓዴ ሻይ እንደ ጌሾ ይመርራል፣ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ቀምሶ የሚተወውም በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ውኃውን ከበራዱ ወደ ጆግ፣ ከጆጉ ወደ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ ማገላበጥ ያበርደዋል። በትክክል ሲዘጋጅ ሴንቻ የተባለው የጃፓን ሻይ ገና ከእሳት የወረደ ጎመን ይሸታል፤ ጊዮኩሮ የሚባለው ደግሞ ከለቀማው በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ከፀሐይ ተከልሎ ስለሚያድግ መራራነቱ ይቀንስና እንደ ሥጋ መረቅ ያለ ሙላት ያገኛል። በቻይና ሀንግጆው የሚመረተው ሎንግጂንግ ግን በድስት የታመሰ በመሆኑ ከጎመኑ ይልቅ ወደ ለስላሳ የተቆላ ለውዝ ያዘነብላል።

እኅቴ ካመጣቻቸው አራቱ ጣሳዎች መጀመሪያ ያለቀው ከተቆላ ሩዝ ጋር የተቀላቀለው ነበር። ጃፓናውያን ገንማይቻ ይሉታል። ከሩዙ ጥቂቱ ሲቆላ ስለሚፈነዳ ጣሳው ውስጥ ትንንሽ ፈንዲሻ የሚመስል ነጭ ነገር ይታያል፤ ሽታውም ከቡና ጋር የሚቀርበው ፈንዲሻና የገብስ ቆሎ ራሱ ነው። አረንጓዴ ሻይ የሚከብደው እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማቀርበው ይህንን ሲሆን እስካሁን ብርጭቆውን ሳይጨርስ የተነሣ ሰው አላየሁም።

በቻይና ፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ በውዪ ተራሮች፣ ላፕሳንግ ሱቾንግ የሚባለውን ጥቁር ሻይ በጥድ እንጨት ጢስ ያደርቁታል። መጀመሪያ ጊዜ ሳሸተው በወይራ የታጠነ የእርጎ ቅል ትዝ አለኝ፤ ደግሜ ሳሸተው ግን የወይራው ጢስ ከዚህ ይልቅ ደረቅና ጣፋጭ እንደሆነ፣ ይህ ግን ሙጫ ሙጫ የሚል የጽድ ጢስ እንደሆነ ተረዳሁ። ለብቻው ይከብዳል፤ አንድ ቁንጥር ከሌላ ጥቁር ሻይ ጋር መቀላቀል ይበቃል። የቻይናው ዩናን ክፍለ ሀገር ፑኤር ደግሞ እንደ ቆጮ በረቂቅ ሕዋሳት የሚብላላ ሻይ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ የሚነሣውን የአፈር ሽታ ይሰጣል። አክብሬዋለሁ፣ አልወደድሁትም።

ሽታ ስለሚጨመርባቸው ሻዮች ስናነሣ ሁለቱን አሠራሮች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቅጠሉ ከአበባ ጋር አድሮ መዓዛውን እንዲጠጣ ማድረግ ነው። የጃስሚን ሻይ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በጸደይ የተዘጋጀው አረንጓዴ ሻይ አበባው እስከሚደርስበት ሞቃት ወቅት ይጠበቃል፣ እንቡጦቹ ቀን ተለቅመው ማታ ሲፈነዱ ከቅጠሉ ጋር ይነባበራሉ፣ ጠዋት አበባው ተለቅሞ ይጣላል፣ ቅጠሉም እንደገና ይደርቃል። ይህ ለጥሩ ሻይ ብዙ ሌሊት ይደገማል። እኛ ጠምበለል የምንለው ተክል የጃስሚን ዘመድ ስለሆነ ሽታው እንግዳ አይሆንብንም። ሁለተኛው አሠራር ዘይት ወይም ቅመም ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። ኧርል ግሬይ የሚባለው በደቡብ ኢጣሊያ በካላብሪያ ከሚበቅለው የቤርጋሞት ልጣጭ በሚጨመቅ ዘይት ይቀመማል፤ ሽታው በሎሚና በትርንጎ ልጣጭ መካከል ያለ፣ ትንሽ አበባ አበባ የሚል ነው፣ ወተት ሲገባበትም ይበላሻል። ረጩ መጠኑን ካላወቀ ግን ውጤቱ ያሳዝናል። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የእንጆሪ ሻይ ሲከፈት የልብስ ሳሙና ይሸት ነበር፤ ከሥሩ ያለው ቅጠልም ጣዕም አልነበረውም። አሁን የተቀመመ ሻይ ስገዛ ሽታውን ትቼ መጀመሪያ ቅጠሉን አያለሁ፤ ዱቄትና እንጨት ከበዛበት ሽታው መሸፈኛ ነው።

የራሳችን የቅመም ሻይ ከእነዚህ አያንስም፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቅርንፉድ ሲበዛበት ነው። ቅርንፉድ ምላስን ስለሚያደነዝዝ ሌላው ሁሉ ይጠፋል፤ ለአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ፍሬ ይበቃል። በየሻይ ቤቱ ሄል ኮረሪማን እየተካው መምጣቱም ይቆጨኛል። ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ የሕንዱ ሄል ስለታምና አቀዝቃዥ ነው፣ የእኛው ኮረሪማ ግን ሞቅ ያለ፣ ለስላሳና ወደ እንጨት የሚያደላ ሽታ አለው። ኮረሪማ በካፋ ደን ውስጥ የሚበቅል በመሆኑ ከውሽውሽ ሻይ ጋር ጎረቤታሞች ናቸው።

ሰሞኑን የምሞክረው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይዤ፣ ቀረፋውንም ቅርንፉዱንም ትቼ ነው። የአንድ ኮረሪማ ፍሬዎችን ፈልቅቄ በትንሹ እወቅጣለሁ፣ በግማሽ ሊትር ውኃ ለአምስት ደቂቃ አፈላለሁ፣ ከዚያ እሳቱን አጥፍቼ ሁለት የሻይ ማንኪያ የውሽውሽ ሻይ ጨምሬ ለሦስት ደቂቃ እከድነዋለሁ። ያለ ስኳር ስጠጣው መጀመሪያ የሚመጣው የሻዩ ጥንካሬ ነው፤ ኮረሪማው የሚሰማኝ ከተዋጠ በኋላ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ ሲወጣ ነው።