ጎንደር ገጠር የቅድመ አያት መቃብር ለሚፈልግ

ደምቢያም ሆነ ወገራ፣ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ያለው የቆየ መቃብር አብዛኛው ጽሑፍ የሌለው የድንጋይ ክምር ነው። ስለዚህ ከድንጋዩ በፊት ሰው ይጠየቃል። የሟቹን የክርስትና ስም ከቤተሰብ አጣሩ፤ ካህናት በጸሎት የሚያነሱት በእሱ ነው። ከዚያ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ።

ጽሑፍ ከተገኘ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶ አንሱት። በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ብቻ አጽዱ፤ የሽቦ ብሩሽ ፊደሉን ይበላዋል። ፲፱፻፳፮ ማለት 1926 ነው፤ ሲደበዝዝ ግን ፮ እና ፯ ይምታታሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ለማመሳከር እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ጨምሩ።

ዋናው ሀብት የርስት ትዝታ ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ እዚህ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር፣ ሽማግሌዎች ትውልድ ያጠኑት ለመሬት ክርክር ጭምር ነው። «ማን ተቀበረ?» ከማለት «ይህ መሬት በማን ይቆጠር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴት አያቶች የሚወጡት በዚህ መንገድ ነው። የአባት ስም ብቻ የሚከተል ሰው ግማሽ ዘመዱን ያጣል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ተከራካሪ ሁሉ ለራሱ የሚጠቅመውን ሐረግ ስለሚያጎላ፣ ከሁለት ተቀናቃኝ ቤቶች ስሙ።

አንዳንድ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነምስክሮቹ ተጽፏል። ካህኑ ካነበቡላችሁ የምስክሮቹንም ስም መዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ናቸው።