የእህቴን ሻወር በትንሽ ገንዘብ ስደግስ፦ ስለ አዳራሽ ኪራይ ማንም ያልነገረኝ

ታናሽ እህቴ ጥር ላይ አገር ቤት ነው የምትዳረው። እዚህ ሜሪላንድ ያለን ዘመዶቿ ብዙዎቻችን ሠርጉ ላይ አንገኝም። ስለዚህ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ፣ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሲሆን፣ ሻወር፣ ማለትም ከሠርጉ በፊት ለሙሽራዋ ስጦታ የሚሰጥበትን ግብዣ፣ ልደግስላት ተነሳሁ። በእጄ ያለው 600 ዶላር፣ እንግዳው ወደ 35 ሰው ነበር።

ምክር ፍለጋ ሳነብ መጀመሪያ የገጠመኝ የአሜሪካኖቹ የድሮ ደንብ ነው። የሙሽራዋ እናትና እህት ሻወር አያዘጋጁም፣ ስጦታ የለመኑ ያስመስልባቸዋል ይላል። እኔ አልተቀበልኩትም፣ እናንተም አትቀበሉት። እኛ ዘንድ ነውሩ እህት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ባዳ ሲደግስ ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ወጣቶቹን በዋትስአፕ ጠራሁ፤ እናቶችን ግን አንድ በአንድ ደወልኩ። ካርድ ቢላክላቸው አይመጡም፣ ቢመጡም ቅር ብሏቸው ነው። ለጌጥ ቅጠል አትግዙ፣ በነፃ መሬት ላይ ወድቋል። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ልቀሙት እንጂ፣ ካደረ ተጠቅልሎ ይፈረፈራል። አደይ አበባ የናፈቃችሁ ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ በየመንገዱ ዳር ከምታዩት ቢጫ አበቦች አንዱ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ግን አትጠብቁት። እኔ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ የሚደረደረውን፣ መምስ የሚሉትን ቢጫ አበባ ከነማሰሮው ገዛሁ። ጠረጴዛውን አሳመረልኝ፣ ማታ ደግሞ ለእንግዶች የመሸኛ ስጦታ ሆነ። ሁለት ወጪ በአንድ ወጣ።

ምግቡ ጾም ነበር። ጊዜው ጽጌ ስለሆነ ከእናቶቹ የሚጾሙ አሉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍትና ዱባ ወጥ ሠራን፤ በኬክ ፋንታ ድፎ ዳቦ ቆረስን። ሥጋ የሌለበት ድግስ ያሳፍራል የሚሉኝ ነበሩ። ሳህኑ ተጠርጎ ነው የተመለሰው።

አሁን ወደ አዳራሹ ልምጣ። ይህን የምጽፈውም ለእሱ ብዬ ነው።

ካውንቲው (የአካባቢያችን አስተዳደር) ከሚያከራያቸው አዳራሾች አንዱን ለአራት ሰዓት በ200 ዶላር ያዝኩ፣ ላዩ ላይ 150 ዶላር ዲፖዚት፣ ማለትም ኋላ የሚመለስ መያዣ። ከመክፈሌ በፊት ደውዬ ጠይቄያለሁ። ቡና እናፈላለን፣ ከሰል አለው፣ ዕጣን አለው፣ ይጨሳል ብዬ በግልጽ ነግሬያታለሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ምንም ችግር የለውም አለችኝ። እኔም አምኜ ከፈልኩ።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኢሜይል መጣ። የአንድ ቀን ኢንሹራንስ ካላመጣሽ አዳራሹ አይከፈትም ይላል። የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽፋን! እህቴ ስጦታ ለምትከፍትበት፣ እናቶች እልል ለሚሉበት። ስከፍል ማንም ስለዚህ አልተነፈሰም። ኦንላይን ገብቼ ወደ 100 ዶላር ከፍዬ ገዛሁ፣ ወረቀቱን ላክሁ። መለሱት። የካውንቲው ሙሉ ሕጋዊ ስም ኢንሹራንሱ በተጨማሪ ከሚሸፍናቸው ውስጥ አልተጻፈም አሉ። አስተካክዬ ላክሁ። አሁንም መለሱት፤ አድራሻው የአዳራሹ ሳይሆን የዋናው ቢሮ መሆን ነበረበት ተባለ። ይህን በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ መጻፍ ምን ያቅታል? እያንዳንዱ መልስ ቀናት ይፈጃል፣ የሚፈርመው ሰው ደግሞ በየጊዜው ሌላ ነው። የፊተኛው ያለውን የኋለኛው አያውቅም።

በመጨረሻ ወረቀቱ ተቀባይነት አገኘ። ከማረጋገጫው ጋር ግን የደንብ ገጽ ተያይዞ መጣ። ሻማ ክልክል ነው፣ ከሰል ክልክል ነው፣ ዕጣን በስሙ ተጠርቶ ክልክል ነው። ጠረጴዛ መደርደሪያውና ማጽጃው ጊዜም ከአራቱ ሰዓት ላይ ይታሰባል። ደወልኩ፣ ያችን ሴትዮ አጣኋት። በጽሑፍ ስጠይቅ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «በስልክ የተነገረዎትን ማረጋገጥ አንችልም።»

ያንን መስመር እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። እኔኮ የጠየቅሁት ሳልከፍል ነው፤ ደንቡም ያኔ በእጃቸው ነበር። ልሰርዝ ስል ደግሞ ከአሥር ቀን በታች ስለቀረ ኪራዩ አይመለስም፣ ዲፖዚቱ በቼክ ይላክልሻል አሉኝ።

ያዳነችን አክስቴ ናት። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጓሮ ያለው ቤት አላት። ስነግራት ተቆጣች፦ «አንቺ ልጅ፣ የኔ ቤት ምን ሆኖ ነው አዳራሽ የምትለምኚው?» ጠረጴዛና ወንበር ከዕድራችን ተዋስን። ረከቦቱን ዛፉ ሥር ዘረጋን፤ ቄጠማ ስላልነበረን የወደቀውን ቢጫ ቅጠል ጎዘጎዝን። ቡናው ሲቆላ እህቴ ጭሱን በሁለት እጇ ወደ ፊቷ ስትስብ አየኋት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቡናው በማሽን ሊፈላ ነበር።

ጓሮ ላይ የምትደግሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሩ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ስትል ትጠልቃለች፤ ከዚያ ብርዱ አያስቀምጥም። ጋቢ የያዙት እናቶች ብቻ ናቸው የተረጋጉት። ከሰሉን ደግሞ ቢበርዳችሁም ወደ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ አታስገቡት፣ በሩ ቢከፈትም እንኳ፤ የማይታየውና የማይሸተው የከሰል ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ሰው ይገድላል።

አዳራሽ የግድ ከሆነባችሁ ግን ስልክ ላይ የተነገራችሁን አትመኑ፣ ፈገግታም አይታችሁ አትክፈሉ። ኢንሹራንስ ይጠየቃል ወይ፣ በማን ስምና በየትኛው አድራሻ? ከሰልና ዕጣን ይፈቀዳል? መደርደሪያው ሰዓት ይታሰባል? ብሰርዝ ስንቱ ይመለሳል? ይህን ሁሉ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ ካርዳችሁን አታውጡ። ቢሮዎቹ ደውሉልን ይላሉ። እኔ አትደውሉ እላለሁ።

ያ 200 ዶላርና የኢንሹራንሱ ገንዘብ ባይባክን ኖሮ ግማሹ በጀቴ ይተርፈኝ ነበር፤ ለእህቴ ጥሩ ጥልፍ ቀሚስ እገዛበት ነበር። ዲፖዚቱ እስካሁን አልመጣም። ጽፌላቸዋለሁ፣ እስኪልኩም እጽፋለሁ።

ጠረጴዛ ላይ ለጌጥ ያስቀመጥኳቸውን ዱባዎች ቀለም አልቀባኋቸውም፣ አልቀረጽኳቸውምም። ወጥ ለመሥራት ካሰባችሁ አሜሪካኖች ለሃሎዊን በዓል የሚቀርጹትን ትልቁን ተዉት፣ ውሃ ነው። ፓይ የሚሉትን ጣፋጭ የሚሠሩበትን ትንሹን ግዙ። ጠረጴዛ ላይ ከዋለ በኋላ እኔ ሳምንቱን ሙሉ በልቼዋለሁ።