የባንክ ሂሳብ ሪፖርት የሚበላሸው የት ጋ ነው?

በአንድ የግል ባንክ የውስጥ ኦዲት ክፍል ስሠራ የሂሳብ ሪፖርት ቁጥጥሩን እንድፈትሽ ተመደብኩ። ሥራው ሌባ ፍለጋ አልነበረም። ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር ትክክል መሆኑን ባንኩ በምን ያውቃል? የሚለውን መመለስ ነበር።

ከመጨረሻው ጀመርኩ። የታተመውን የሂሳብ መግለጫ ይዤ ከትልልቆቹ ቁጥሮች ወደ ኋላ ሄድኩ። ይህ ከየትኛው ሌጀር (የሂሳብ መዝገብ) መጣ? ማን አስገባው? ማን አጸደቀው? ብዙ ኦዲተር ከቅርንጫፍ ይጀምራል፤ ካዝና ይቆጥራል፣ ቫውቸር ያገላብጣል። እሱም ያስፈልጋል። እኔ እንዳየሁት ግን ሪፖርቱ በአብዛኛው የሚበላሸው ዋናው መሥሪያ ቤት፣ በሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሰስፔንስ ሂሳቡ፣ ማለትም ያልተጣራ ገንዘብ ለጊዜው የሚመዘገብበት ሂሳብ ነው። ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ የደንበኛው ሂሳብ ሲቀነስ፣ ወይም ከሌላ ባንክ የተላከ ገንዘብ የሂሳብ ቁጥሩ ሲሳሳት፣ እስኪጣራ ድረስ እዚያ ይቀመጣል። ቀሪው ትንሽ ስለነበር ማንም አይጨነቅበትም። እኔ ቀሪውን ትቼ ዝርዝሩን አወጣሁ። በምሳሌ ላስረዳ። በዴቢት (ባንኩ የሚሰበስበው) በኩል 40 ሚሊዮን፣ በክሬዲት (ባንኩ ለሌላ የሚከፍለው) በኩል 39 ሚሊዮን ተኩል ብር ቢኖር፣ ቀሪው ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ነው። ለአንድ ባንክ ኢምንት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች ምንም አይገናኙም፤ የአንዱ ደንበኛ ገንዘብ የሌላውን ጉድለት ሸፍኖ ቆሟል። ዝርዝሩን በዕድሜ ስደረድረው ከዓመት በላይ የከረሙ አገኘሁ። መግለጫቸው ላይ «ልዩነት» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለም። ያስገባቸው ሠራተኛም ባንኩን ለቋል።

ወደ ማስታረቂያ ወረቀቶቹ ሄድኩ፤ የባንኩ መዝገብ ከስቴትመንት ጋር መግጠሙ በየወሩ የሚረጋገጥባቸው ናቸው። ሁሉም ተፈርመዋል፤ የተለያዩ ወራት ወረቀቶች ግን በአንድ ቀን ነው የተፈረሙት። የፈረመውን ኃላፊ «ከመፈረምዎ በፊት ምን ያያሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የሚያዘጋጀው ልጅ ጎበዝ ነው፣ አምነዋለሁ» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ሥራ በዝቶበታል፣ ልጁም በእርግጥ ጎበዝ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፊርማ ብቻ አይቼ «ቁጥጥር አለ» ብዬ አልጽፍም። ፈራሚው የባንክ ስቴትመንቱን አይቷል? የጠየቀው ጥያቄ፣ ያስመለሰው ነገር አለ? ዱካው ከሌለ እንዳልተሠራ እቆጥረዋለሁ።

የሲስተም ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ከሰው ሀብት ዝርዝር ጋር ማመሳከር ቀላል ሥራ ነው፤ የሚያወጣው ጉድ ግን ብዙ ነው። የለቀቁ ሰዎች ዩዘር እንዳለ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ሜከርም (አስገቢ) ቼከርም (አጽዳቂ) መሆን ይችላል፤ ራሱ ያስገባውን ራሱ ያጸድቃል ማለት ነው።

ቀጥሎ የብድር ኪሳራ ስሌቱ አለ። በኢትዮጵያ ባንኮች ከ2010 በጀት ዓመት ጀምሮ ሪፖርታቸውን በአይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎች) ያዘጋጃሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ አይኤፍአርኤስ 9፣ ብድሮችን እንደ አለመመለስ ስጋታቸው በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ለመጀመሪያው ደረጃ የሚቀጥሉት 12 ወራት የሚጠበቅ ኪሳራ ይያዛል፤ ለሌሎቹ ሁለቱ የብድሩ ሙሉ ዕድሜ። አንድ ትልቅ ብድር ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲሸጋገር የዓመቱ ትርፍ ይነካል። ይህን ሁሉ የሚያሰላው አንድ የኤክሴል ፋይል ነበር። ፎርሙላ መሆን የነበረበት አንድ ሴል ውስጥ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ተቀምጧል። ማን ጻፈው? መቼ? ፋይሉ ላይ ምንም አይታይም።

ግኝቱን ሳቀርብ የፋይናንስ ኃላፊው፣ ብዙ ዓመት ያገለገሉ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ «የኔ ልጅ፣ የጠፋ ብር አለ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ። ቢጠፋም ግን የምናውቅበት መንገድ የለንም።»

ክርክሩ ረጅም ነበር። የድክመት ክብደት የሚለካው በደረሰው ጉዳት ብቻ አይደለም። ከባድ ስህተት ሳይታይ ሪፖርቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል ወይ? ተብሎ ነው የሚመዘነው። በዚህ መለኪያ ሰስፔንሱም ኤክሴሉም ከባድ ነበሩ። ያሳመናቸው ግን የእኔ ንግግር አይመስለኝም። ዝርዝሩን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ አንዱን አሮጌ ክሬዲት አብረን ስንከታተል የአንድ ደንበኛ ገንዘብ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ስልክ አንስተው እንዲመለስለት አዘዙ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሰስፔንስ መዝገብ ባለቤትና ዕድሜ ተጻፈለት፤ ከተወሰነ ቀን ካለፈ ለኃላፊው ይቀርባል። የለቀቁት ዩዘሮች ተዘጉ። ኤክሴሉ ግን ያው ኤክሴል ነው፤ ፓስወርድ ተደርጎለት ለውጦቹ ይመዘገባሉ፣ ሌላ ሰውም ስሌቱን ከባዶ ደግሞ ይሠራዋል። እኔ እስከ መጨረሻው ሲስተም ይገዛ ብዬ ስወተውት ነበር፤ አሁንም ያው አቋሜ ነው።

ይህን የምጽፈው ለሙያ ጓደኞቼ ብቻ አይደለም። ከጥር 2017 ወዲህ የባንክ አክሲዮን በኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ እየተገበያየ ነው። ከደሞዙ ቆጥቦ አክሲዮን የገዛ ሰው የሚተማመነው በዚያ ሪፖርት ነው። ባለአክሲዮን ከሆናችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ስትሄዱ ትርፉን ብቻ አትዩ። «ሌሎች ሀብቶች» እና «ሌሎች ዕዳዎች» የሚሉትን ማብራሪያዎች ግለጡ፤ እንደ ሰስፔንስ ያለው ብዙውን ጊዜ የሚገባው እዚያ ነው። የሂሳብ መግለጫ አቀራረብን የሚደነግገው አይኤኤስ 1፣ ደረጃዎቹ ራሳቸው ካላዘዙ ወይም ካልፈቀዱ በቀር፣ ሀብትና ዕዳን ማቻቻልን ስለሚከለክል ሁለቱ ተለያይተው መታየት አለባቸው። ካምናው በጣም አድገው ካገኛችሁ እጃችሁን አውጡና ውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደቆየ ጠይቁ።